ሲም ከመቀየርሽ በፊት የድሮው ቁጥርሽ ምን ይሁን?

ጥያቄ፦ «ለሥልጠና ወደ ጀርመን ልሄድ ነው። እዚያ 3 ሳምንት እቆያለሁ፤ ከዚያ ከባልደረቦቼ ጋር ለ5 ቀን ኔዘርላንድስ እንሄዳለን፤ ስመለስ ደግሞ ዱባይ እህቴ ዘንድ 10 ቀን አድራለሁ። ስለ ስልክ የጠየቅሁት ሰው ሁሉ የተለያየ ነገር ይነግረኛል። አንዱ ‹እዚያው ስትደርሺ ሲም አውጪ› ይለኛል። ሌላዋ ‹ኢ-ሲም ገዝተሽ ጫኚና ሂጂ› ትላለች። አለቃዬ ደግሞ ‹ያለሽን መስመር ሮሚንግ አስከፍተሽ ተገላገዪ› አሉኝ። እናቴ የልብ ሕመምተኛ ናት። ስማርት ስልክ የላትም፤ የምትደውልልኝ በተራ ስልክ ነው። ባንኬም ገንዘብ ባንቀሳቀስኩ ቁጥር በሜሴጅ ኮድ ይልክልኛል። ስልኬ ሁለት ሲም ይይዛል፤ ኢ-ሲም ይቀበል አይቀበል ግን አላውቅም። የትኛውን ሲም ልግዛ?»

መልስ፦ እህቴ፣ ከመከሩሽ ሰዎች አንዳቸውም አልተሳሳቱም። እያንዳንዳቸው የነገሩሽ ለራሳቸው ጉዞ የሠራላቸውን ነው። አንቺን ከነሱ የሚለዩሽ ሁለት ነገሮች አሉ፤ እናትሽና የባንኩ ኮድ። ሁለቱም የሚያገኙሽ አሁን በያዝሽው ቁጥር ብቻ ነው። እናም «የትኛውን ሲም ልግዛ» ከማለትሽ በፊት «ይሄ ቁጥሬ እኔ ስወጣ ምን ይሆናል» ብለሽ ጀምሪ። ዋጋ ማወዳደሩ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ይህን አጥብቄ የምልሽ በራሴ ስለደረሰብኝ ነው። ከዓመታት በፊት ለሥራ ስወጣ አውሮፕላኑ እንዳረፈ የድሮውን ሲም አወጣሁና በሶፍት ጠቅልዬ ኮቴ ኪስ ውስጥ ከተትኩት፤ አዲሱን በቦታው አስገባሁ። ናኖ ሲም ርዝመቱ 12.3፣ ወርዱ 8.8 ሚሊሜትር ነው፤ ከአውራ ጣት ጥፍር ያንሳል። ሆቴል ገብቼ ኪሴን ሳራግፍ ሶፍቱን ከአሮጌ ደረሰኞች ጋር ቅርጫት ውስጥ ጣልኩት። በ4ኛው ቀን ገንዘብ ላስተላልፍ ስል ባንኩ «ኮድ ልከንልዎታል» አለኝ። የተላከው እጄ ላይ ወደሌለ ሲም ነበር። ምትክ ለማውጣት በአካል መቅረብ አለብህ ተባልኩ፤ እኔ ደግሞ ያለሁት ባሕር ማዶ ነው። ከሥራ ባልደረባዬ ተበድሬ ነው ጉዞዬን የጨረስኩት።

ስለዚህ የድሮው ሲምሽ ከስልክሽ አይውጣ። ሁለት ሲም የሚይዝ ስልክ ስላለሽ ይህ ላንቺ ቀላል ነው፤ ግን አንድ ነገር አረጋግጪ። የሲም መሳቢያውን ዛሬውኑ በመርፌው ከፍተሽ እዪው። በብዙ ስልኮች ላይ ሁለተኛው ቦታ ለሲምም ለሜሞሪ ካርድም የተሠራ ነው፤ አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል። ፎቶሽና ሰነድሽ ሜሞሪ ካርዱ ላይ ካሉ ሳትሄጂ ወደ ስልኩ ወይም ወደ ኮምፒውተር ገልብጪያቸው። መርፌዋንም ቦርሳሽ ውስጥ ያዢ፤ ስትፈልጊያት አታገኚያትም።

አሁን ወደ ሮሚንግ ልምጣ። አለቃሽ የነገሩሽ ግማሹ ትክክል ነው። ሮሚንግ ማለት መስመርሽ በሰው አገር ኔትወርክ ላይ ሆኖ ሲሠራ ነው። ሰዎችን ያከሰረው በዋናነት ዳታው ነው፤ ስልኩ ኪስ ውስጥ ተቀምጦ ፎቶ ሲጭን፣ መተግበሪያ ሲያድስ ያድርና ጠዋት ሂሳቡ ባዶ ይሆናል። መስመሩን ለጥሪና ለሜሴጅ ክፍት ትቶ ዳታውን ብቻ መዝጋት ግን ይቻላል። ሴቲንግ ውስጥ ገብተሽ የድሮው ሲም ላይ «ዳታ ሮሚንግ» የሚለውን አጥፊ። ኢንተርኔት በአዲሱ ሲም እንዲሆን ምረጪ። ከዚህ ሌላ ብዙ ሰው የማያያት አንዲት ማብሪያ አለች፤ አንዱ ሲም ኔትወርክ ሲያጣ ስልኩ ሳይጠይቅ ዳታውን ወደ ሌላው ሲም የሚያዞርባት። አይፎን ላይ «አላው ሴሉላር ዳታ ስዊቺንግ» ትባላለች፤ አንዳንድ አንድሮይድ ስልኮችም አቻዋን ይዘዋል። እሷ ከበራች የቀረው ጥንቃቄሽ ሁሉ ከንቱ ነው። አጥፍተሻት ሂጂ።

ከመውጣትሽ ቢያንስ አንድ ሳምንት ቀደም ብለሽ ለኦፕሬተርሽ ደውይና ሦስት ነገር ጠይቂ። በቅድመ ክፍያ መስመሬ ላይ ሮሚንግ ይከፈታል ወይ? ውጭ ሆኜ ሜሴጅ ስቀበል ይቆረጥብኛል ወይ? ጥሪ ሳነሳስ በደቂቃ ስንት? የመጀመሪያው መልስ «አይከፈትም» ወይም «አስቀድመሽ አስመዝግቢ» ሊሆን ይችላል፤ አገር ከለቀቅሽ በኋላ ማስከፈት ደግሞ ብዙ ጊዜ አይሆንም። ሜሴጅ መቀበል በብዙ ኦፕሬተሮች ዘንድ ነፃ ነው፤ በሁሉም ግን አይደለም። ሮሚንግ ጨርሶ የማይከፈት ከሆነ ባንክሽ ጋ ሄደሽ ኮዱ በሌላ መንገድ የሚደርስሽ መሆኑን ጠይቂ። አንዳንድ ባንኮች በመተግበሪያው ውስጥ ወይም በኢሜይል ያረጋግጣሉ፤ ይህንንም በአካል ቀርበሽ፣ ፊርማሽን አኑረሽ ነው የምትጨርሺው።

ሦስተኛው ጥያቄ እናትሽን ይመለከታል። ከአገር ከወጣሽ በኋላ በድሮው ቁጥርሽ የሚመጣውን ጥሪ ስታነሺ፣ ደዋዩ ከሚከፍለው ሌላ አንቺም ትከፍያለሽ። ይህን ሳያውቁ ግማሽ ሰዓት አውርተው ሂሳባቸው አልቆ የተቋረጠባቸው ብዙ ናቸው። ያላነሳሽው ጥሪም አንዳንዴ ያስከፍላል። መስመርሽ ላይ «ካላነሳች ወደ ድምፅ መልእክት ወይም ወደ ሌላ ቁጥር አዙር» የሚል ትዕዛዝ ካለ፣ ጥሪው አንቺ ወዳለሽበት አገር መጥቶ፣ ተመልሶ ወደ አገርሽ ይዞራል፤ የሁለቱንም ጉዞ ሂሳብ ልትከፍዪ ትችያለሽ። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ከመሳፈርሽ በፊት ##002# ብለሽ ደውይ። በመስመሩ ላይ ያለውን የጥሪ ማስተላለፊያ ሁሉ ያጠፋዋል።

ከእናትሽ ጋር አንድ ስምምነት አድርጊ። በድሮው ቁጥርሽ አንዴ ደውላ ትዝጋው፤ አንቺ አታንሺ፤ ከአዲሱ መስመር መልሰሽ ደውይላት። በተከታታይ ሁለት ጊዜ ከደወለች ግን አንሺ፤ ሂሳብ ይቁረጥ፤ ለዚያች ደቂቃ የሚሆን ሂሳብ ድሮው መስመር ላይ ሁልጊዜ ይኑር። የልብ ሕመምተኛ እናት ያላት ሰው ይህችን ሂሳብ ቆጥባ አታተርፍም።

የምትገዢውን ሲም የሚወስነውም ይኸው ነው። እናትሽ ዋትሳፕም ቴሌግራምም ስለሌላት ኢንተርኔት ብቻ ያለው ሲም ወደ እሷ አያደርስሽም። ከኢንተርኔት ወደ ተራ ስልክ በርካሽ ለመደወል ብዙ ሰው ይጠቀምበት የነበረው ስካይፕ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2025 ተዘግቷል፤ ሌሎች ተመሳሳይ መተግበሪያዎች አሉ፣ ግን ሌሊት ሲጨንቅሽ የምትደገፊባቸው አይደሉም። ያንቺ አዲስ ሲም የራሱ ቁጥር ያለው፣ ድምፅ የሚያስደውልና የውጭ አገር ደቂቃ የሚሸጥበት መሆን አለበት። ሻጩ ፊት ስትቆሚ «ስንት ጊጋ ነው?» ከማለትሽ በፊት «ወደ አገሬ በደቂቃ ስንት ነው? የውጭ ጥሪ ጥቅል አላችሁ? አገሬ ዝርዝሩ ውስጥ አለች?» በይ። የውጭ ጥሪ ጥቅሎች ለጥቂት አገሮች ብቻ የሚሠሩ ናቸው፤ ላንቺ የማይጠቅም 500 ደቂቃ ተሸክመሽ እንዳትወጪ።

የጓደኛሽ ኢ-ሲም ታዲያ? ምንም ክፉ የለውም። ኢ-ሲም ስልኩ ውስጥ ቀድሞ በተገጠመ ቺፕ ላይ የሚጫን ሲም ነው፤ ኪውአር ኮድ ታነሺና ይገባል። ስልክሽ ይቀበል አይቀበል ለማወቅ *#06# ብለሽ ደውይ። አይኤምኢአይ የሚባል 15 አኃዝ ያለው የስልኩ መለያ ቁጥር ይመጣል፤ ሁለት ሲም ስለሆነ ሁለት ይሆናል። ከሱ ጋር «ኢአይዲ» የሚል 32 አኃዝ ያለው ረጅም ቁጥር ከወጣ ስልክሽ ኢ-ሲም ይቀበላል። ካልወጣ ጉዳዩ እዚህ ላይ አለቀ፤ ስለ ኢ-ሲም የነገሩሽን ሁሉ እርሺው።

ከወጣ ግን ለተጓዥ የሚሸጡት አብዛኞቹ ኢ-ሲሞች ዳታ ብቻ መሆናቸውን እወቂ። የስልክ ቁጥር የላቸውም፤ ሜሴጅ አይቀበሉም፤ ተራ ስልክ ላይ አያስደውሉም። ብዙዎቹም የሚሠሩት በሮሚንግ ስለሆነ «ዳታ ሮሚንግ» በድሮው ሲም ላይ ጠፍቶ በኢ-ሲሙ ላይ መብራት አለበት፤ ሰዎች ሁለቱንም አጥፍተው «ተጭበረበርኩ» የሚሉት እዚህ ጋ ነው። የኢንተርኔቱ መውጫ በሦስተኛ አገር ሊሆን ስለሚችል የባንክ መተግበሪያሽ ጀርመን ሳለሽ ሌላ ቦታ ያለሽ ሊመስለውና ሊጠረጥርሽ ይችላል። ለእኔ ኢ-ሲም ጥሩ የሚሆነው ለመጀመሪያው ቀን ነው። ካረፍሽበት ቅጽበት ጀምሮ ካርታና መልእክት ይኖርሻል፤ ደክሞሽ አየር ማረፊያ ውስጥ ያገኘሽውን ሲም ለመግዛት አትገደጂም። ትንሿን ጥቅል ግዢ። ለመጫን ኢንተርኔት ስለሚፈልግ ቤትሽ ሆነሽ በዋይፋይ ጫኚው፤ ግን አስቀድመሽ ቀኑ መቆጠር የሚጀምረው ሲጫን ነው ወይስ እዚያ አገር ኔትወርክ ሲይዝ የሚለውን አንብቢ። የተጫነውንም እንዳትሰርዢው፤ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ኪውአር ኮድ ሁለተኛ አይሠራም።

ወደ ጀርመን እንሂድ። እዚያ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2017 ጀምሮ ማንኛውም የቅድመ ክፍያ ሲም ሥራ የሚጀምረው የገዢው ማንነት ከተረጋገጠ በኋላ ነው። እና ሲሙን መግዛትና ሲሙ መሥራቱ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ከመደብር መደርደሪያ ላይ አንስተሽ ትከፍያለሽ፤ ከዚያ በኢንተርኔት በቪዲዮ ፓስፖርትሽን እያሳየሽ ተመዝገቢ ትባያለሽ፤ የቪዲዮ ምዝገባው ደግሞ የሁሉንም አገር ፓስፖርት አይቀበልም። በዚህ የተነሳ ካርዱን ይዘው ቀናት የሚያሳልፉ አሉ። ፓስፖርትሽን ይዘሽ ወደ ኦፕሬተሩ የራሱ ሱቅ ግቢ፤ የምታርፊበትን አድራሻ ጽፈሽ ያዢ፤ ሠራተኛው እዚያው ይመዝግብሽ፤ ሱቁን ሳትለቂም አንድ ጥሪ ደውለሽ፣ ዋይፋይ አጥፍተሽ አንድ ገጽ ከፍተሽ ሞክሪው። «ቀድሞ ተመዝግቧል፣ ዝም ብለሽ አስገቢው» የሚል ሰው ካጋጠመሽ አትግዢ። በሌላ ሰው ስም ያለ ሲም የዚያ ሰው ንብረት ነው፤ ነገ ጠፋብኝ ብሎ ምትክ ሊያወጣበት ይችላል።

ሲሙን ስትቀበዪ ካርዱ የተነቀለበትን ፕላስቲክ አትጣዪ። ፒንና ፒዩኬ የተጻፉት እሱ ላይ ነው። ስልኩ ጠፍቶ ሲበራ ፒን ይጠይቅሻል፤ 3 ጊዜ ከተሳሳትሽ ይቆለፍና ፒዩኬ ይጠይቃል፤ ፒዩኬውን 10 ጊዜ ከተሳሳትሽ ሲሙ ይሞታል። ፎቶ አንሺውና ፎቶውን በዚያ ስልክ ላይ ብቻ አታስቀምጪው።

አሁን ደስ የሚለውን ልንገርሽ። እ.ኤ.አ. ከሰኔ 15 ቀን 2017 ጀምሮ በአውሮፓ ኅብረት ውስጥ አንድ አገር የወጣ ሲም በሌላው የኅብረቱ አገር ያለ ተጨማሪ የሮሚንግ ክፍያ ይሠራል። ደንቡ እስከ 2032 እ.ኤ.አ. ተራዝሟል፤ ኖርዌይ፣ አይስላንድና ሊክተንስታይንም አሉበት። ስለዚህ ለኔዘርላንድስ ሌላ ሲም አትግዢ፤ የጀርመኑ ይበቃሻል። ኩባንያው ከአገሩ ውጭ በምትጠቀሚበት የዳታ መጠን ላይ ጣሪያ ሊያደርግ ይፈቀድለታል፤ ለ5 ቀን ይህ አያሳስብም፣ ግን ቁጥሩን ጠይቂ። ደንቡ ግን በዚያ ሲም ከኅብረቱ ውጭ ወዳሉ አገሮች የምትደውዪውን አይመለከትም፤ ወደ እናትሽ የምትደውዪው በኩባንያው የውጭ ጥሪ ታሪፍ ነው። ስዊዘርላንድና እንግሊዝ ደግሞ በዚህ ደንብ ውስጥ የሉም። ሥልጠናሽ በደቡብ ጀርመን ድንበር አካባቢ ከሆነ ተጠንቀቂ፤ ስልክሽ ከስዊዘርላንድ ማማ ኔትወርክ ሊይዝና በዚያ ሂሳብ ሊያስከፍልሽ ይችላል። ድንበር ላይ ስትሆኚ ሴቲንግ ውስጥ ገብተሽ ኔትወርኩን በእጅሽ ምረጪ። አውሮፕላንና መርከብ ላይም የራሳቸው ኔትወርክ አለ፤ ከየትኛውም አገር ደንብ ውጭ የሆነና እጅግ ውድ። ኤርፕሌን ሞድን ማብራት ከዚህም ያድናል።

ስለ ጥቅሉ ጊዜ። በጀርመን የቅድመ ክፍያ ጥቅሎች ብዙዎቹ ለ4 ሳምንት ማለትም ለ28 ቀን ናቸው። ያንቺ 21 ቀንና 5 ቀን ተደምሮ 26 ነው፤ ሁለት ቀን ተርፎሽ ይገባል። በደረስሽበት ወይም በማግስቱ ካስጀመርሽው አንድ ጥቅል በቂ ነው ማለት ነው። ሂሳብ ላይ ተጨማሪ ገንዘብ አታስቀምጪ፤ 28ኛው ቀን ሲሞላ ጥቅሉ ራሱን ሊያድስ ይችላል፤ የቀረው ገንዘብም አብሮ ይሄዳል።

ስንት ጊጋ ይበቃኛል ለሚለው፣ ጽሑፍና ፎቶ መላላክ፣ ካርታ ማየት፣ ኢሜይል መክፈት ብዙ አይበላም። የሚበላው ቪዲዮ ነው። በመካከለኛ ጥራት 1 ሰዓት ቪዲዮ ወደ 1 ጊጋባይት ይወስዳል፤ በከፍተኛ ጥራት 3 ጊጋ ሊደርስ ይችላል። ማታ ማታ ቪዲዮ የምታዪው በማረፊያሽ ዋይፋይ ከሆነና የፎቶ መጠባበቂያውን «በዋይፋይ ብቻ» ካደረግሽው ለ4 ሳምንት 10 ጊጋ ይበቃሻል ብዬ አምናለሁ። የከተሞቹን ካርታም ሳትሄጂ ስልክሽ ላይ አውርጂ።

«ያልተገደበ» የሚለው ቃል ላይ ቆም በይ። ሻጩ እውነቱን ነው፤ አይቋረጥም። ከተወሰነ መጠን በኋላ ግን ፍጥነቱ ይወርዳል፤ ለምሳሌ ወደ 128 ኪሎቢት በሰከንድ። ይህ በሰከንድ 16 ኪሎባይት ነው። አንድ 3 ሜጋባይት የሆነች ፎቶ ለመላክ ከ3 ደቂቃ በላይ ትቆያለሽ፤ የቪዲዮ ጥሪ አይታሰብም። ስለዚህ «ፍጥነቱ የሚወርደው ከስንት ጊጋ በኋላ ነው?» ብለሽ ጠይቂ። ያ ቁጥር ነው የገዛሽው ጥቅል። ሥልጠናው ላይ ላፕቶፕሽን በስልክሽ ሆትስፖት የምታገናኚ ከሆነም መፈቀዱን አረጋግጪ፤ የሚከለክሉ ጥቅሎች አሉ።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ስልክሽ ከተቀበለው ነው። ስልክሽን ያገኘሽው ከውጭ ከመጣ ሰው ወይም ከኩባንያ በውል ከሆነ ለአንድ ኦፕሬተር የተቆለፈ ሊሆን ይችላል። አይፎን ከሆነ ሴቲንግ፣ ከዚያ ጄነራል፣ ከዚያ አባውት ውስጥ «ካሪየር ሎክ» የሚለውን ፈልጊ፤ «ኖ ሲም ሪስትሪክሽንስ» ካለ ነፃ ነው። ለሌላው ስልክ የሌላ ኦፕሬተር ሲም ከጎረቤት ተውሰሽ አስገቢበት፤ ኔትወርክ ከያዘ ጨርሰሻል። ሌላው ዕድሜው ነው። ጀርመን 3ጂን እ.ኤ.አ. በ2021 ዘግታለች። 4ጂ የማይቀበል ስልክ እዚያ ወደ 2ጂ ይወርዳል፤ ያ ለድምፅ ይሆናል እንጂ ለኢንተርኔት አይሆንም። 4ጂ ቢኖረውም በጀርመን ከከተማ ወጣ ሲባል ሩቅ የሚደርሰው አንዱ ሞገድ ባንድ 20 ይባላል፤ የስልክሽን ሞዴል በኢንተርኔት ፈልገሽ ዝርዝሩ ውስጥ መኖሩን ተመልከቺ።

ዱባይ ላይ ነገሩ ይለወጣል። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ከኅብረቱ ደንብ ውጭ ናት፤ የጀርመኑ ሲም እዚያ ውድ ሮሚንግ ይሆናል። አውጪውና ቦታውን ለአዲሱ ስጪ፤ የድሮው ቁጥርሽ እዚያው ይቆይ። እዚያም ሲም የሚወጣው በፓስፖርት ነው። የዱባዩን የተለየ የሚያደርገው ግን ሌላ ነው። በአገሩ ሲም ዋትሳፕ ላይ ጽሑፍና ፎቶ ይሄዳል፤ የዋትሳፕ የድምፅና የቪዲዮ ጥሪ ግን የተከለከለ ነው። ሰው ሲሙ የተበላሸ መስሎት ሌላ ይገዛል፤ ሲሙ ደህና ነው። ከጀርመን ባልደረቦችሽ ጋር በዋትሳፕ ለመነጋገር ያሰብሽው ቀጠሮ ካለ ወደ ሌላ መንገድ አዙሪው። እዚያ የተፈቀዱ የጥሪ መተግበሪያዎች አሉ፤ ቦቲም አንዱ ነው፤ እህትሽ የቱን እንደምትጠቀም ጠይቂያት። እገዳውን በቪፒኤን (ያለሽበትን አገር በሚደብቅ መተግበሪያ) ልለፍ አትበዪ፤ በቪፒኤን ተጠቅሞ የተከለከለ ነገር መሥራት በዚያ አገር ከባድ ቅጣት አለው። ለእናትሽ ግን ይህ ምንም አይለውጥም። ተራ ጥሪ ተራ ጥሪ ነው፤ 10 ቀን ስለሆነ ትንሿን የውጭ ደቂቃ ጥቅል ውሰጂ።

አዲስ ሲም ባስገባሽ ቁጥር ዋትሳፕ «ቁጥርሽ ተቀይሯል ወይ?» ብሎ ሊጠይቅሽ ይችላል። አልተቀየረም በዪው። መለያሽ በድሮው ቁጥርሽ ይቀጥላል፤ ኢንተርኔቱ ከየትም ይምጣ ለሱ ግድ የለውም። የጀርመኑንም የዱባዩንም ቁጥር ለባንክ፣ ለኢሜይል፣ ለየትኛውም መለያ ማረጋገጫ አድርገሽ አትስጪ። የቅድመ ክፍያ ቁጥር ሳይሞላ ሲቆይ ይዘጋል፤ ከጊዜ በኋላም ለሌላ ሰው ይሰጣል። የይለፍ ቃል መቀየሪያ ኮድሽ ያኔ የማታውቂው ሰው ኪስ ውስጥ ይገባል። ታክሲ ለመጥራት ወይም ለሆቴል የግድ ከሰጠሽው ከመመለስሽ በፊት ገብተሽ አውጪው።

በመጨረሻ እናትሽ ዘንድ የሚቀር ሥራ አለሽ። ከማታውቀው የውጭ ቁጥር ሲደወል ታነሳለች? ብዙ እናቶች አያነሱም፤ ልጆቻቸውም አታንሺ ብለው መክረዋቸዋል። የጀርመኑን ሲም ባወጣሽበት ቀን መጀመሪያ አብሯት ላለው ሰው ደውይ፤ የእናትሽን ስልክ ይዞ አዲሱን ቁጥር በስምሽ ይመዝግብላት። ዱባይም ስትደርሺ እንደዚያው። ከመሄድሽ በፊት ደግሞ አጠገቧ ተቀምጠሽ «አንዴ ደውዪና ዝጊው፣ እኔ አላነሳም፤ ሁለቴ ከደወልሽ ግን አነሳለሁ» እያልሽ ስምምነታችሁን አለማምጃት። ስልኳን በእጇ ይዛ ራሷ ታድርገው።